ማህፀን በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የእንቅስቃሴ ገደብን በቤት ውስጥ መጠበቅ

ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ የምትሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ ለስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ አለማንሣት፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ፣ ቁስልን በንጽሕና መያዝ፣ በቀጠሮ ቀን መመለስ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ጥያቄ ግን በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እንጀራ መጋገር ከባድ ነው ወይስ ቀላል? የሁለት ዓመት ልጅ እያለቀሰ እጁን ሲዘረጋ ምን ይደረጋል? ጠያቂ ሲገባ ብድግ ማለት፣ ቡና ማፍላት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ መስገድስ?

ገደቡን የሚጥሱ ሴቶች አብዛኞቹ ምክሩን ንቀው አይደለም፤ ቤቱ ያለ እነርሱ አልንቀሳቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ገደቡን መጠበቅ የሚቻለው በኪሎና በሳምንት የተነገረው ምክር ወደ ምጣድ፣ ወደ ጀሪካን፣ ወደ ልጅና ወደ ጠያቂ ሲመነዘርና ሥራው ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሌላ ሰው ሲደለደል ነው። ከዚህ በታች ያለው በተለመደው አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው፤ የራስዎ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዙ የሚጸናው የእርሳቸው ትእዛዝ ነው።

ቆዳው ሲገጥም ውስጡ ገና ነው

ማህፀን ከነጫፉ ሲወጣ፣ ከማህፀን ጫፍ ጋር ተያይዞ የነበረው የብልት ቦይ የላይኛው ክፍል እንደ ከረጢት አፍ ተሰፍቶ ይዘጋል። ቀዶ ሕክምናው በሆድ በኩል ከተደረገ ደግሞ ከቆዳውና ከስቡ ሥር ያለው፣ የሆድን ግድግዳ አጥብቆ የሚይዘው ጠንካራ ሽፋን ተቆርጦ ይሰፋል። ቆዳው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገጥማል። ጠንካራው ሽፋን ግን ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከቀድሞ ጥንካሬው የሚመለስለት ግማሽ ያህሉ ነው፤ ቀሪውን የሚያገኘው በሚቀጥሉት ወራት ቀስ እያለ ነው። ከውጭ የሚታየው ጠባሳ ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም።

ለዚህም ነው አስቸጋሪው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ያልሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመሙ ራሱ ያስቀምጣል፤ እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት አጠገብ አለ፤ ድስቱን ሌላ ሰው ያወርዳል። ፈተናው የሚመጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ይቀላል፣ ጠያቂው ይሳሳል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችው እህት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ልብሱ ተከምሮ ይታያል። ባለቤቷም ልጆቿም «አሁንማ ደኅና ነሽ» ማለት ይጀምራሉ፤ እርሷም ታምናቸዋለች። አስታማሚ ሲመደብ ብዙ ቤተሰብ ሰዉን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያጠራቅማል፤ በእኔ አስተያየት ግን አንዷን ጠንካራ ረዳት ለሦስተኛው ሳምንት ማስቀረት ይሻላል።

የኪሎው ልክ ከሆስፒታል ሆስፒታል እንደሚለያይ ብዙዎች ያስተውላሉ፤ አንዱ ሐኪም አራት ኪሎ ሲል ሌላው አምስት ይላል፤ አንዱ ስድስት ሳምንት ሲያዝ ሌላው ወደ ሦስት ወር ያስጠጋዋል። ልዩነቱ የመጣው ቁጥሩ በአብዛኛው በልምድና በጥንቃቄ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። በሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት የለኩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጠንከር ያለ ሳል ወይም ከወንበር ብድግ ማለት ቀለል ያለ ዕቃ ከማንሣት የበለጠ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ይህ ገደቡን ከንቱ አያደርገውም፤ አነሣሥና አሳሳል ከኪሎው እኩል ጥንቃቄ እንደሚፈልጉ ግን ያስረዳል። ሳታስበው ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንድ ጊዜ ያነሣች ሴትም «ስፌቴ ተፈታ» ብላ ሌሊቱን በጭንቀት ማደር የለባትም። የማያቋርጥ ሕመም፣ እብጠት ወይም ደም ከሌለ ድርጊቱን አለመድገም ይበቃታል።

ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ሦስት ነገሮችን ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ፦ ቀዶ ሕክምናው በሆድ ተከፍቶ፣ በብልት በኩል ወይስ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ እንደተሠራ፤ የማህፀን ጫፍና የእንቁላል ማምረቻዎች አብረው መውጣት አለመውጣታቸው፤ ከማህፀኑ ሌላ የተጠገነ ነገር መኖር አለመኖሩ። በአገራችን ብዙ ሴቶች ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት በማዮማ (ካንሰር ባልሆነ የማህፀን ዕጢ) ምክንያት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜም ሆድ ተከፍቶ ነው። ማህፀን ወደ ታች በመንሸራተቱ ምክንያት ሲሆን ደግሞ በብልት በኩል ሊሠራና የላላው ግድግዳ አብሮ ሊጠገን ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የተሠራላት ሴት በሆዷ ላይ ምንም ቁስል ስለማይታይ ቤተሰብ ሕመሟን ያቃልለዋል፤ ከባድ ሸክምን ለረጅም ጊዜ መራቅ የሚያስፈልጋት ግን እርሷ ናት። ለዓመታት ውኃና እንጨት የተሸከመ ጀርባ ለመንሸራተቱ አንዱ ምክንያት ሆኖ ሳለ በሁለት ወሯ ወደዚያው ሸክም ብትመለስ ጥገናው ሊላላ ይችላል።

አምስት ኪሎ በቤት ዕቃ ሲለካ

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ራሱ ሚዛን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ ለሦስት ወር የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ ባለ አምስት ሊትሩ በገደቡ ጠርዝ ላይ ነው፤ ባለ ሦስት ሊትሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሁለት እጅ ሊያዝ ይችላል። የተሞላ የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ የጤፍ ጆንያ፣ በውኃ የራሰ ብርድ ልብስ፣ በወጥ የተሞላ ትልቅ ድስት ሁሉም ከገደቡ በላይ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተሞላ ፔርሙዝ የከበደ ነገር ባይያዝ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ አራት ወይም አምስት ኪሎ ያለው ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ እንጂ ከመሬት ሳይሆን፣ ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ወገብን ሳይጠማዘዙ፣ ትንፋሽን ሳያፍኑ ማንሣት ይቻላል። ሲያነሡ ትንፋሽዎን ማፈን ካስፈለገዎት ዕቃው ለእርስዎ ከባድ ነው፤ በተግባር ይህ ከኪሎው የተሻለ መለኪያ ነው።

እንጀራ መጋገር ሰው ቀላል የሚለው፣ ሲተነተን ግን ከባድ የሆነ ሥራ ነው። ሊጡ ከቡሃቃው ይቀዳል፤ አንድ እጅ ተዘርግቶ ምጣዱን በክብ እየዞረ ያፈስሳል፤ አክንባሎው ይከደናል፣ ከአፍታ በኋላ ይነሣል፤ ሰፌድ ገብቶ እንጀራው ይወጣል፤ እንደገና ይታሰሳል። አንዱን ለብቻው ብናየው ቀላል ነው። ለቤተሰብ ሳምንት የሚበቃ ሲጋገር ግን ይኸው እጅን ዘርግቶ ማጎንበስ በአስር የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል፤ በእንጨት ከሆነ ደግሞ ጭሱ ያስላል። ለስድስት ሳምንት ሌላ ሰው ይጋግር፣ ወይም ይገዛ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ድርቆሽ ማዘጋጀት፣ በርበሬና ሽሮ አስፈጭቶ ማስቀመጥ፣ ሽንኩርት አቁላልቶ በማቀዝቀዣ መያዝ ብዙ ችግር ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምስር መልቀም፣ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት መክተፍ ይቻላል፤ እጅ ላይ ሥራ ማጣት ለለመደችው ሴት ከቁስሉ በላይ ስለሚያማት ይህን መከልከል አያስፈልግም።

በሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብና መጭመቅ፣ ቁጢጥ ብሎ ወለል መወልወል፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ አልጋና ሶፋ መግፋት ለስድስት ሳምንት ይቆዩ። መግፋት ልክ እንደ ማንሣት ነው፤ ብዙ ሰው «አላነሣሁም፣ ገፋ ነው ያደረግኩት» ይላል፣ ሆድ ግን ሁለቱን አይለይም።

ልጅ የሁሉም ከባዱ ጉዳይ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አሥር ኪሎን ያልፋል፤ ማዘልም ማቀፍም አይቻልም። ልጁን ግን ጨርሶ ማራቅ አያስፈልግም። እናቱ ደገፍ ብላ ትቀመጥ፣ ሆዷ ላይ ትራስ ታድርግ፣ ሌላ ሰው ልጁን አንሥቶ ከጎኗ ያስቀምጥላት ወይም ልጁ ራሱ ሶፋው ላይ ወጥቶ ይጠጋት። ከሆስፒታል ከመመለሷ በፊት «እማዬ ሆዷን ታማለች፣ አንተ ነህ የምትወጣላት» ተብሎ የተነገረው ልጅ ከሚታሰበው በላይ ይረዳል። በወሊድ ጊዜ በደረሰ የደም መፍሰስ ምክንያት ማህፀኗ የወጣላት እናት ደግሞ አራስ ሕፃን ይዛ ነው የምትመለሰው። ሦስት ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ሕፃን ማቀፍና ማጥባት ትችላለች፤ ከአልጋ አንሥቶ የሚያቀብላት፣ ገላውን የሚያጥበው፣ ሌሊት የሚነሣለት ሌላ ሰው ይሁን። ማዘል ግን ይቆይ፤ የአንቀልባው ማሰሪያ ሆድን ይጫናል፣ ለማዘልም ከወገብ ማጎንበስ ግድ ነው።

ስለ መቀነት፦ ሆድን በሰፊ ጨርቅ ወይም በሆድ ማሰሪያ ደገፍ ማድረግ በሆድ ለተሠራላት ሴት ስትራመድ ሕመሙን ያቀልላታል። ሲታሰር መዳፍ በቀላሉ ሥሩ መግባት አለበት፤ ሲተኙ ይፈታል። በአሮጌው ልማድ «ሆዱ ይግባ» ተብሎ ትንፋሽ እስኪያጥር መጠፍነግ ግፊቱን ወደ ታች፣ ወደተሰፋው ቦይ ይልከዋል። መቀነት ማሰርም ጀሪካን ለማንሣት ፈቃድ አይሆንም።

ገደብ ማለት መተኛት አይደለም

ከመጠን በላይ መሥራት የሚፈራውን ያህል ከመጠን በላይ መተኛትም መፈራት አለበት። በእኛ ቤት ከሆስፒታል የተመለሰች ሴት እንደ አራስ ትያዛለች፤ ገንፎዋ ይመጣላታል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከአልጋ እንዳትወርድ ትለመናለች። በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ለቀናት ያለ እንቅስቃሴ መተኛት በእግር ሥር ደም እንዲረጋ፣ ሳንባ እንዲዘጋ፣ ሆድ እንዲደርቅ ያደርጋል። በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በሆስፒታል ነርሶች በ24 ሰዓት ውስጥ ተነሥታችሁ ተራመዱ የሚሉት ለዚህ ነው።

አነሣሡ ይህ ነው። በጀርባዎ እንደተኙ ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ትከሻና ዳሌ በአንድነት ሆነው ወደ አንድ ጎን ይገልበጡ፤ እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ይልቀቁ፤ በዚያው ቅጽበት ከታች ያለውን ክንድና የላይኛውን መዳፍ ፍራሹ ላይ ተጭነው ቀና ይበሉ፤ ጠርዙ ላይ ጥቂት ትንፋሽ ይውሰዱ፣ ማዞር ካለ ይለፍ፤ ከዚያ ይነሡ። ሲተኙ ተመሳሳዩን ወደ ኋላ ይድገሙት። በጀርባ ተኝቶ በሆድ ጡንቻ ቀጥ ብሎ መነሣት ወይም ረዳቷ ሁለት እጅ ይዛ እንድትጎትት ማድረግ አይገባም። አልጋው ዝቅ ያለ ወይም መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሆነ ሌላ ፍራሽ ደርቦ ከፍ ማድረግ ከምንም ነገር በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው።

ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁም ጭምር ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ሆድ ላይ በሁለት እጅ ይጫኑ። የእጣንና የሚቆላ ቡና ጭስ የሚያስልዎት ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ከክፍሉ ይውጣ። በአልጋ ላይ ሳሉ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች በየሰዓቱ ማንቀሳቀስ ቀላልና ጠቃሚ ነው።

በቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል በቀን ብዙ ጊዜ በመራመድ ይጀምሩ፤ በየቀኑ ጥቂት ይጨምሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ያለ ሸክም በሜዳ መንገድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መሄድ ለብዙዎች የሚቻል ነው። ዳገት ላለበት ሰፈር ቀጥ ያለውን ጎዳና ይምረጡ። ደረጃ አይከለከልም፤ በቀን የሚወጣበትን ጊዜ ማሳነስና መደገፊያውን መያዝ ነው። ሲደክምዎት መቀመጥ፣ ሲሻልዎት መቀጠል። ዛሬ ብዙ ሠርተው ነገ ሕመሙ ከጨመረ ወይም ደሙ ከደመቀ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነው።

መጸዳጃ ቤት ማማጥ ራሱ ከባድ ዕቃ እንደ ማንሣት ነው። ለሕመም የሚታዘዘው ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፤ ገንፎና ቅቤ ብቻ ሲበላም ያው ነው። ውኃ በብዛት፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ የተፈጨ ተልባ በውኃ ይረዳሉ፤ ሁለት ቀን ካለፈ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቁጢጥ ብሎ መጠቀም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያማል፣ መነሣቱም ይከብዳል። ብዙ ቤት የሚደረገው የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቆርጦ ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ጠርዙ እንዳይቆርጥ በጨርቅ ይጠቅለል፣ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ይረጋገጥ።

ጠያቂ፣ ጸሎትና ጠበል

ጠያቂ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአራት ቤት ሲመጣ ግን ሸክም ይሆናል። ለትልቅ ሰው ብድግ አለማለት ነውር የሚመስላት ሴት በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ከዝቅተኛ መቀመጫ እንደምትነሣ ቢቆጠር ይገርማል። በር ላይ የምትቀበል እህት ወይም ልጅ «ሐኪም እንዳትነሣ ብሏታል» ብላ አስቀድማ ብትናገር ነገሩ ያልቃል፤ ይህን በሐኪም ስም ማለት ከራስ አንደበት ይልቅ ይቀላል፣ እውነትም ነው። ቡናውን ጠያቂዋ ራሷ ታፍላ። እርስዎ ማፍላት የጀመሩ ዕለት ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ሆድን ያጥፋል።

ስግደት ወደ መሬት ወርዶ መነሣት ስለሆነ ከወገብ የማጎንበስና የማንሣት ሥራ ሁለቱንም ያጣምራል፤ በተለይ በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ ብዙ ነው። የታመመ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልያል፤ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ ስለ ጾሙም እንዲሁ። ሙስሊም እናቶችም ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለሩኩዕና ለሱጁድ በምልክት ዝቅ ብለው ይሰግዳሉ፤ የረመዳን ጾም ሲሻላቸው በቀዳ ይከፈላል።

ገላን በሚፈስ ውኃ መታጠብ ይቻላል፤ ቁስሉን ሳያሹ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ ነው። በገንዳ፣ በፍልውኃ፣ በዋና ውስጥ መነከር ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ይቆይ። ጠበል ለሚሄዱ ሴቶች በግፊያ መሐል መቆምና ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ሆድ ላይ መቀበል አይመከርም። ወይባ ጢስ ውስጥ መቀመጥ፣ በተለምዶ ቦታውን በቅጠላ ቅጠል መታጠብም እስኪድን ድረስ ይቅር፤ ሙቀቱና ጭሱ የተሰፋውን ቦታ ይጎዳሉ።

ከባል ጋር

ወደ ብልት ምንም ነገር እንዳይገባ የሚሰጠው ገደብ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ስምንት ሳምንት ይላሉ፣ ጫፉ አብሮ በወጣ ጊዜ እስከ 12 ሳምንት የሚያዝዙም አሉ። ይህ ገደብ ከኪሎው ገደብ በላይ ጥብቅ ነው፤ የተሰፋው የቦይ ጫፍ ሳይጠና ግንኙነት ቢደረግ ሊከፈት ይችላል፣ ከተከፈተም አንጀት በዚያ ሊወጣ ስለሚችል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው።

በቤታችን ይህ ወሬ በግልጽ ስለማይወራ ባል የሚሰማው «ትንሽ ታርፍ» የሚል ደብዛዛ ነገር ነው። ከሆስፒታል በሚወጡበት ዕለት ባልዎ አብሮ ገብቶ ከሐኪሙ አንደበት ቀኑን እንዲሰማ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው፤ ሐኪሞችና ነርሶች ይህን ለመናገር አይከብዳቸውም፣ እንዲናገሩ መጠየቅ ብቻ ነው። የሚጀመርበት ቀን የሚወሰነው በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ በቀጠሮ መርምረው «ድኗል» ሲሉ ነው። የእንቁላል ማምረቻዎች አብረው ከወጡ ድርቀትና ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ይህም ሕክምና አለው።

መንገድ

ከሩቅ ወረዳ የመጡ ከሆነ ከተቻለ የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታሉ አቅራቢያ ባለ ዘመድ ቤት ያሳልፉ። ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ግድ ሲሆን በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ወርዶ ጥቂት መራመድ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ከኋላ ወንበር ይልቅ መሐል ላይ መንገጫገጩ ያንሳል። ቀበቶው ሆድ ላይ ሲያርፍ የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ ማስገባት ነው፣ ቀበቶውን መተው አይደለም። መኪና ለሚነዱ፦ የሚያደነዝዝ የሕመም መድኃኒት እየወሰዱ በፍጹም አይነዱ፤ ያለ ሕመም ፍሬን በኃይል መርገጥ እስኪችሉ ድረስ ይቆዩ፣ ይህም ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጥቂት ደም ወይም ቡናማ ፈሳሽ መታየት የተለመደ ነው፤ ስፌቱ ሲሟሟም ለጥቂት ቀን ጨመር ሊል ይችላል። በአንድ ሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትልልቅ የረጋ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የቀላ፣ የሚያፈስ ወይም የተከፈተ ቁስል፣ የማያቋርጥ ትውከትና የሆድ መነፋት፣ ሽንት እምቢ ማለት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። የአንድ እግር ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በሳል ጊዜ ጠባሳው ዙሪያ የሚወጣ እብጠት ካዩ ከባዱን ሥራ አቁመው ለሐኪም ያሳዩ።

አንዱን ለይቼ ልጥቀስ፤ ሴቶች የሚደብቁት እርሱን ስለሆነ። ሽንት ሳይታወቅ በብልት በኩል ያለማቋረጥ ከፈሰሰ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ፊኛ ወይም የሽንት ቧንቧ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት ሊታይ ይችላል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ዕቃ በማንሣትዎም የመጣ አይደለም። ቶሎ የታየ ትንሽ ቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ በካቴተር (ሽንትን ከፊኛ በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ብቻ ይድናል፤ ያልዳነውም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። በ1974 በአውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የተመሠረተው የፊስቱላ ሆስፒታል ለዚህ ዓይነት ጉዳት ሕክምና የታወቀ ነው።

ወደ ሥራ መመለስ

የቢሮ ሥራ ያላት ሴት በብልት በኩል ወይም በካሜራ ከተሠራላት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት፣ ሆዷ ተከፍቶ ከሆነ ወደ ስድስት ሳምንት አካባቢ ልትመለስ ትችላለች። ቀኑን ሙሉ ለምትቆም የሆቴል፣ የፋብሪካ ወይም የንግድ ሠራተኛ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ለቀን ሠራተኛ፣ ለገበሬና ውኃ ለምትቀዳ ሴት ከስምንት እስከ 12 ሳምንት። ሸክም ሲጀመር በግማሽ ጀሪካን መጀመር፣ አንድ ሳምንት በዚያው ቆይቶ መጨመር ነው፤ ከስድስተኛው ሳምንት ማግስት ሙሉውን 20 ሊትር መሸከም የለም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ትችላለች፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ይተዳደራሉ። አሠሪው የሚቀበለው በሐኪም የተጻፈ ማስረጃ ስለሆነ ወረቀቱ «ታክማለች» ብቻ ብሎ እንዳያበቃ ይጠይቁ፤ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ፣ ለረጅም ሰዓት እንዳትቆም፣ እስከ የትኛው ቀን የሚል ተጽፎበት፣ ማኅተምና ፊርማ ተደርጎበት፣ አንድ ቅጂ በእጅዎ ይቅር።